ሊቀ ቅባት ወይዘሮ ይታየሽ

ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሳያሻሽል የሚያልፍ ጎረቤት በዓለም ላይ አልተፈጠረም። አንዱ ማር ጨምሩበት ይላል፤ ሌላው ነጭ ሽንኩርት። በኦሺዮት ሰፈር፣ እኛ በምንኖርበት ሕንፃ ግን ይህ ሥልጣን በሙሉ የተያዘው በአንዲት ሴት እጅ ነው፤ እርሳቸውም ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ሊቀ ቅባት ወይዘሮ ይታየሽ ናቸው።

ወይዘሮ ይታየሽ በቱቦ የሚመጣውን የሕመም ማስታገሻ ጄል አያምኑም። "ይህ ውሃ ነው" ይላሉ፤ "ቆዳ በር አለው። ዘይት ካልከፈተለት መድኃኒቱ ደጅ ሲጠና ይውላል።" ስለዚህ ጄሉን በጎድጓዳ ሰሃን ያወጡና ከጥቁር አዝሙድ ወይም ከባሕር ዛፍ ዘይት ጋር ያሹታል። ጎረቤታችን ኒሲም ትከሻውን በእርሳቸው ቅባት በታከመበት ሳምንት፣ ከሽታው የተነሣ አሳንሰሩ ውስጥ አብሮት የሚገባ ሰው ጠፍቶ ብቻውን እንደ ሚኒስትር ሲወጣና ሲወርድ ሰነበተ።

እኔ ሰው የሰጠኝን ነገር ሳልመረምር አልቀበልም። ጉልበቴን ባመመኝ ጊዜ ሳልጠራቸው ሰሃናቸውን ይዘው መጡ። "በመጀመሪያ በራስዎ ክንድ ላይ ይቀቡት" አልኋቸው።

"አቶ ማለደ፣ እርስዎን ለመግደል ብዬ ይህን የመሰለ ዘይት አባክናለሁ?" አሉና ተቀቡት።

ባዕድ ሴት የወንድ ጉልበት አትነካም፤ ሥርዓት ነው። ስለዚህ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ደፉ ላይ ይቆሙና ያዝዙኛል፦ "ወደ ላይ! ወደ ላይ ይሹት እንጂ! ድመት ነው እንዴ የሚደባብሱት?" በየቀኑ፣ በአሥር ሰዓት፣ ሃያ ቀን ያህል። በመጨረሻ "ገባ?" ይላሉ። "ገባ" እላለሁ። ባለቤቴ ማንተገብሽ ካረፈች ወዲህ፣ ቀኑን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው ቃል አንዳንድ ጊዜ እርሱ ብቻ ነበር።

ሆኖም ጥርጣሬ አልተወኝም። በማስረጃ ልረታቸው አስቤ በሄርዝል ጎዳና ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድሁና ነገሩን ለፋርማሲስቷ ለኢንባል አስረዳሁ። ኢንባል አልሳቀችም። አንዳንድ የዕፅዋት ዘይት በእርግጥ መድኃኒት በቆዳ በኩል እንዲገባ እንደሚረዳ፣ ይህም በቤተ ሙከራ እንደሚጠና ነገረችኝ። "ችግሩም እርሱ ነው" አለች፤ "በቤት ሲቀላቀል ምን ያህል እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። ከታዘዘው በላይ ሊገባ ይችላል። ይተዉት።"

የሰማሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። "በሩን እንደሚከፍት ራሷ አመነችልኝ!" ብለው ይፎክራሉ ብዬ ነበር። ወይዘሮ ይታየሽ ግን ሰሃናቸውን አነሡ።

"ቤሰደር" አሉ በቀስታ፣ በዕብራይስጥ እሺ ማለታቸው ነው፤ "ሰው ልጎዳ አልመጣሁም።"

በማግስቱ አሥር ሰዓት ሆነ፤ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ጉልበቴ ድኖ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እወርድ ጀመር፤ ወዴት እንደምወርድ ግን አላውቅም ነበር። በአራተኛው ቀን፣ በር በሦስት ቁልፍ የምዘጋው ሰው፣ በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ ተቀመጥሁ። ያለፈው ኒሲም ብቻ ነው፤ እርሱም ደንግጦ "ሌባ ገባ እንዴ?" አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ወርጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"አቶ ማለደ! ጉልበትዎ ተነሣብዎ?"

"ጉልበቴስ ደኅና ነው። አሁን ትከሻዬን ጀምሮኛል። ጄሉን ሐኪም እንዳዘዘው ብቻውን እቀባዋለሁ፤ ነገር ግን አስተሻሸቴን የሚያርም ሰው ያስፈልገኛል።"

ትኩር ብለው አዩኝ።

"የትኛውን ትከሻ?"

ይህን አስቀድሜ አላሰብሁበትም ነበር።