በምርቃት የተጨመረው ባል

ወይዘሮ ዘርትሁን ባለፈው ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ሕልም አዩ። ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ለምሳ የሚሆን ሽንኩርት ከትፈው እንደ ጨረሱ፣ "እስቲ ጎኔን ላሳርፍ" ብለው ሶፋው ላይ ጋደም ከማለታቸው እንቅልፍ ይዟቸው ጭልጥ አለ።

ደሴ ውስጥ፣ እሳቸው በሚኖሩበት ሰፈር፣ የወይዘሮ ዘርትሁንን ቁጥብነት የማያውቅ የለም። ፌስታል አጥበው ያሰጣሉ። የደረቀ ዳቦ ወቅጠው ዓሣ ይጠብሱበታል። ድንች በተቀቀለበት ውኃ ሊጥ ያቦኩበታል። አንድ የተቀደደ ካልሲ በእሳቸው እጅ ዘጠኝ ጥቅም አለው። ባለቤታቸው አቶ ገብረየስ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ፣ ከዚያ ቤት ሳይመረመር የወጣ ነገር አላዩም።

በሕልማቸው ወይዘሮ ዘርትሁን ሰኞ ገበያ ነበሩ። ነበሩ እንጂ ሸማች አልነበሩም። ማዳበሪያ ላይ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር በመደብ ተቆልለው ተቀምጠዋል። ዙሪያውን ዘንቢል ያንጠለጠሉ ቲማቲሞችና ጎመኖች እየተጋፉ ሰው ይመርጣሉ። አንዲት ወፍራም ቲማቲም ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች።

"ይቺስ ከልክ በላይ በስላለች። ለወጥ እንጂ ለሰላጣ አትሆንም" አለች።

"እጅሽን ሰብስቢ! ሳትገዢ አትነካኪ!" አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን።

"አያችሁ? ስትነካ ትጮሃለች። ትኩስ ናት ማለት ነው" ብላ ቲማቲሟ ለጓደኞቿ አስረዳች።

በዚህ መሀል አንዲት ቢጫ የውኃ ጀሪካን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሆዷ እየተንቦጫረቀ መጣች። ገበያው ሁሉ "እመት ጀሪካን መጡ" እያለ መንገድ ለቀቀላት። ወይዘሮ ዘርትሁንን ወዲያና ወዲህ አገላብጣ አየቻቸውና፣ "ይቺን እወስዳለሁ። ምርቃትስ?" ብላ ጠየቀች።

ሻጩ ሽማግሌ ድንች ነበር። እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ካንድ ጆንያ ውስጥ አቶ ገብረየስን ጎትቶ አወጣ።

"ባሏን ጨምሬልሻለሁ።"

"ይኼ እኮ ራሱ ተልጧል" አለች እመት ጀሪካን፣ የአቶ ገብረየስን በራ እያየች።

"የተላጠ ሥራ ያቀላል፣ እታለም!"

ሁለቱም አንድ ፌስታል ውስጥ ተከተው፣ ተንጠልጥለው ሄዱ። የገቡበት ቤት የራሳቸው የወይዘሮ ዘርትሁን ቤት ነበር። ሶፋው ላይ ድስቶች እግራቸውን ሰቅለው ቴሌቪዥን ያያሉ። ቴሌቪዥኑም እነሱን እያየ ይስቃል። ሰው ደግሞ ከመደርደሪያው ላይ፣ ከበሩ ኋላ፣ ከአልጋው ሥር ታጭቋል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል ምስማር ላይ ተሰቅለዋል።

"ይመኙ! ምን ሆነሽ ነው?"

"ለአንድ ቀን ትሆናለች ብለው አስቀመጡኝ" አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል። "ይኸው አራት ዓመቴ። የትኛው ቀን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አጣሁ።"

እመት ጀሪካን አጨብጭባ ዕቃዎቹን ሰበሰበች። የቁጠባ ትምህርት የሚሰጥበት ሰዓት ደርሶ ኖሯል። አንዲት የተቀደደች ፌስታል እየተርገበገበች ማስታወሻ ትይዛለች።

"የሰው እንባ አይደፋም" ብላ ጀመረች እመት ጀሪካን። "ምስር ቀቅሉበት። ጨው ትቆጥባላችሁ።"

"ኩርፊያስ?" ብሎ ጭልፋ ጠየቀ።

"ኩርፊያ እንዳይሞቅባችሁ! በሦስት ቀን ኩርፊያ መሀል የተቀመጠ ወተት ሳምንት አይበላሽም። ሐሜትን ግን በትኩሱ አትጠቀሙ። ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ውቀጡት። ከሚጥሚጣ ይበልጣል።"

"የሚያንኮራፋስ?"

"ከሰል ምድጃ አጠገብ አስተኙት። ማራገቢያ አያስፈልጋችሁም።"

ወይዘሮ ዘርትሁን ሳይታወቃቸው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። የሐሜቱን ብልሃት በልባቸው ያዙ።

ወዲያው ከውጭ የቆሻሻ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሾፌሩ ረጅም መጥረጊያ ነበር። እመት ጀሪካን ዓይኗን አቶ ገብረየስ ላይ ጣለች።

"ይኼን ምርቃት እንግዲህ ምን ላድርገው? አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽ የሚሰጠውን ሦስት ጥቅም ተናገሪ። አለዚያ ይጫናል።"

አቶ ገብረየስ አቀረቀሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲጭኑ የኖሩ ሰው፣ አሁን የመጫን ተራቸውን ይጠብቃሉ። ለካልሲ ዘጠኝ ጥቅም የማያጡት ሴት አፋቸው ተሳሰረ።

"አምፖል ... አምፖል ይቀይራል" አሉ በመጨረሻ።

"ቁመቱ ይደርሳል?"

"ኧረ አይደርስም። ወንበር ላይ ይወጣል።"

"እንግዲያው የጠቀመሽ ወንበሩ ነው። ሁለተኛ?"

"ራዲዮ ያዳምጣል።"

"እዚህ ቤት ራዲዮው ራሱን ያዳምጣል። ሦስተኛ?"

መጥረጊያው ገብቶ አቶ ገብረየስን ክንዳቸውን ያዘ። በሩ ጋ ሲደርሱ አቶ ገብረየስ ዘወር ብለው ሚስታቸውን አዩ። አልተቆጡም፤ "አትጨነቂ" የሚሉ ነበር የሚመስሉት። ያን ጊዜ ወይዘሮ ዘርትሁን ጮኹ፦

"ስታመም በሩን ሳያንጓጓ ይዘጋል!"

ድስቶቹ እግራቸውን አወረዱ።

"እውነቷን ነው" አለ በሩ፣ እየተንቋቋ። "ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ስቆም፣ እኔን አላትሞኝ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው።"

እመት ጀሪካን ክዳኗን ከፍታ በረጅሙ ተነፈሰች። "በሩ ከመሰከረማ ምን እላለሁ? ይቀመጥ።"

ወይዘሮ ዘርትሁን ከመደሰታቸው ብዛት ያቺን የተቀደደች ፌስታል አቀፏት። እሷ ግን ተቆጣች።

"አሁን ታቅፊኛለሽ? አሥራ አንድ ጊዜ አጥበሽ አሰጣሽኝ! አንድ ቀን 'አረፍ በይ' ብለሽኝ ታውቂያለሽ?"

"እውነትሽን ነው! ጥፋተኛ ነኝ!" አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። "ከእንግዲህ ምንም ነገር አላስቀምጥም። ሁላችሁንም እጥላችኋለሁ!"

"ልትጥለን ነው!" ብላ እመት ጀሪካን ኡኡታዋን አቀለጠችው። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ፌስታሏ፣ መጥረጊያው ሳይቀር ተነሥተው ከበቧቸው። "ያዟት! ልትጥለን ነው! ዘርዬ! ዘርዬ!"

"ዘርዬ" የሚሉት አቶ ገብረየስ ነበሩ። ሽርጥ አገልድመው፣ ድስት በሁለት እጃቸው ይዘው ሶፋው አጠገብ ቆመዋል።

"ቀሰቀስኩሽ መሰለኝ። ካመማት ትተኛ ብዬ ወጡን እኔ ሠራሁት። ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ አረፋ ይደፍቃል።"

ወይዘሮ ዘርትሁን ቀና ብለው ድስቱን አዩ። ቀዩ አረፋ ከጠርዙ አልፎ ቁልቁል ይወርዳል።

"ምን ጨመርክበት?"

"ምን እጨምራለሁ? ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዘይት።"

"ከየትኛው ዘይት?"

"መስኮቱ ጋ ካለው። 'የተጣራ የምግብ ዘይት' ይላል እኮ ላዩ ላይ።"

"ሰውዬ! እሱ ዕቃው ነው እንጂ፣ ውስጡ ያለው የሳህን ማጠቢያ ሳሙና ነው!"

አቶ ገብረየስ ከንፈራቸውን ላስ አደረጉ።

"ቀምሼዋለሁ" አሉ።

"ቀምሰህስ?"

"ጨው ያነሰው መስሎኝ ነበር።" ይህን ሲሉ ከከንፈራቸው ጥግ አንዲት ትንሽ አረፋ ወጥታ፣ አየር ላይ ቆየት አለችና ፍንድት አለች። አቶ ገብረየስ አፈሩ። "በይ ይቅርታ፣ ውጭ ልድፋው" ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

ወይዘሮ ዘርትሁን ከሶፋው ላይ ዘለው ተነሡ።

"አትድፋው! ሳህን እጠብበት!"