ሟች የሌለው ድንኳን

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳውቃችሁ። ከምነግራችሁ ውስጥ አንዳንዱን ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ቀኑ ሐሙስ ይሁን ረቡዕ፣ ዝናቡ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ይዝነብ በኋላ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ባለቤቴን አስካለን ብትጠይቋት ሌላ ትነግራችኋለች። ትምህርቴም ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ስለ ሙዚቃ የማውቀው ራዲዮ መክፈትና መዝጋት ነበር፤ በተለይ መዝጋቱን።

ጠንቃቃ ሰው ነኝ። በሬን ቆልፌ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ ገፋ አድርጌ አየዋለሁ። ታክሲ ከመሳፈሬ በፊት ጎማውን አያለሁ። እንደኔ ያለውን ሰው ፈሪ ይሉታል፤ ይበሉት። ግን ታዝባችሁ ታውቃላችሁ? ግድየለሽ ሰው ጥፋቱ ትንንሽ ነው፤ ብርጭቆ ይሰብራል፣ ቁልፍ ይጥላል፣ አለቀ። ጠንቃቃ ሰው ግን ሲሳሳት አስቦበት፣ ሰው አማክሮ፣ ዕቃ አሟልቶ ነው የሚሳሳተው።

እኔ የተሳሳትኩት ድንኳን ተክዬ ነው።

ያኔ የምንኖረው ከልደታ ማርያም ወደ አብነት ሲኬድ ገባ ብሎ ነበር፣ ሠፈሩ ሳይፈርስ። ከአባቴ በወረስኩት ግቢ ውስጥ የምናከራያት አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነበረችን። ከዚያ ሌላ የሠፈራችን እድር ንብረት ያዥ ነበርኩ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ በእኔ እጅ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ጭልፋ እንኳ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

አንድ የክረምት ቀን ሌንሴ የምትባል ልጅ ክፍሏን ልትከራይ መጣች። አገሯ ነቀምት ነው። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀሚሷ ጥቁር፣ ጫማዋ ጥቁር፣ የጥፍር ቀለሟ ጥቁር፤ ኩሉማ የተኳለችው ሳይሆን የፈሰሰባት ይመስላል። በጀርባዋ የራሷን ቁመት የሚያህል ጥቁር ሣጥን አዝላለች። አስካለ ሣጥኑን አየችና አማተበች። እኔ ምንድን ነው ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና መልሱን ፈርቼ ዘጋሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ከክፍሏ ድምፅ ይመጣ ጀመር። ቁርስ ላይ ሆነን ይጀምራል፣ እስከ ሌሊት ይዘልቃል። ወፍራም፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ቀጥ ብሎ ሆድ ውስጥ የሚገባ ለቅሶ። ለአፍታ ያቆምና እንደገና ከሥር ይነሣል። ልጅቱ ሦስት ቀን ሙሉ ከደጅ አልታየችም። በአራተኛው ቀን ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ዓይኗ ደም መስሏል።

"ሰው ሞቶባታል" አለች አስካለ።

"ማን?"

"ምን ብዬ ልጠይቃት? ወንድ አይደለህ፣ አንተ ጠይቃት!"

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ያዘነን ሰው "ማን ሞተብህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ገብቶ፣ አንገት ደፍቶ፣ አጠገቡ መቀመጥ ነው። የሟቹን ስም ጎን ከተቀመጠ ሰው በሹክሹክታ ታገኛለህ። አንዳንዴም ለቅሶ ደርሰህ፣ ንፍሮህን በልተህ፣ ቤትህ ከገባህ በኋላ ነው ማን እንደሞተ የምታውቀው። እናም ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ወሬው ከግቢያችን ወጣ። ጠመንጃ ያዥ ሠፈር ሲደርስ ሟቹ አባቷ ሆኑ። አብነት ሲደርስ እናቷም ተጨመሩ።

እኔም ጭንቀት ያዘኝ። ዘመድ የሌላት ልጅ በግቢዬ ብቻዋን ስታለቅስ ሰው ምን ይለኛል? የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ታደሰ ዘንድ ሄድኩ።

"አባል አይደለችም እኮ" አሉ።

"በእኔ አባልነት ይታይልኝ" አልኳቸው። አማክሬ፣ አስፈቅጄ፣ ሐሙስ ጠዋት (ወይም ረቡዕ) ድንኳኑን ግቢዬ ውስጥ አስተከልኩ፤ ወንበሩንም ደረደርኩ።

ልጅቱ ምንም አልሰማችም። ለካ ጆሮዋ ላይ የሙዚቃ ማዳመጫ ደፍታ ነበር። በሠፈሩ ከእርሳቸው በላይ አልቃሽ የሌለ እማማ በላይነሽ፣ ነጠላቸውን ለሐዘን ያጣፉ ሴቶችን አስከትለው "ወይኔ ልጄን! ወይኔ ልጄን!" እያሉ በሯን ከፍተው ገቡ። ሌንሴ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ተነሣች።

"ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"እኛ ምን እናውቃለን የኔ እናት! አንቺ ንገሪን እንጂ!" አሉ እማማ በላይነሽ፣ ለቅሷቸውን ሳያቋርጡ።

"እኔ ማንም አልሞተብኝም!"

ለቅሶው ቀጥ አለ።

"ታዲያ ጥቁሩስ?"

"ስለምወደው ነው።"

"ያ ሁሉ ለቅሶስ?"

ልጅቱ ወደ ጎን ዞር ብላ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ዕቃ አሳየቻቸው። ቫዮሊን ይመስላል፤ ግን በደንብ ተመግቦ ያደገ ቫዮሊን። "ቼሎ ይባላል" አለች። "ሙዚቃ ትምህርት ቤት አራት ዓመት የተማርኩት እሱን ነው። ልምምድ ላይ ነኝ፤ ሌሊቱንም አልተኛሁ።"

አቶ ታደሰ ፊታቸው ተለዋወጠ። ድንኳኑ መሐል ቆመው ሰው ሁሉ እየሰማ "አቶ ወልዴ፣ ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል ሟርት ነው" አሉኝ። "ይህ እድር እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም። ይቺ ልጅ ዛሬውኑ ከግቢዎ ትውጣ፤ አለዚያ እርስዎም ከእድሩ ይውጡ።"

ከእድር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከእድር ሲወጣ ማን ይቀብረዋል?

ሌንሴ ወደ እኔ መጣች። "ጋሽ ወልዴ፣ ቅዳሜ እኮ በትልቅ አዳራሽ ሕዝብ ፊት ልጫወት ነው። የመጀመሪያዬ ነው። በዚህ ድምፅ የተነሣ ከአራት ቤት አስወጥተውኛል። አሁን ካስወጡኝ የት ሄጄ እለማመዳለሁ?"

እኔ ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጉሮሮዬን ጠራረግሁና "እንግዲህ ድንኳኑም ተተክሏል፣ ሰውም ተቀምጧል። እስቲ ሰምተናት እንወስን" አልኩ። ጀግንነት አልነበረም። ውሳኔውን ትንሽ ለማዘግየት ነው።

ከሳሎናችን ገመድ ተስቦ መብራት መጣላት። ኮምፒዩተርና ሁለት ድምፅ ማጉያ ይዛ ወጣች። "ይሄ ጎቲክ ኢንዱስትሪያል ሮክ ይባላል" አለች። ማንም አልገባውም፤ ማንም አልጠየቀም። ለቅሶ ላይ አይጠየቅማ።

መጀመሪያ ቼሎው ብቻውን ተነሣ፤ በግድግዳ ስንሰማው የሰነበትነው ያ ወፍራም ለቅሶ። ግድግዳ ሳይከልለው ግን ሌላ ነው! ከዚያ ከድምፅ ማጉያው ቋ! ቋ! ቋ! የሚል መዶሻ ገባ፤ ከመዶሻው ኋላ ብረት የሚፈጭ ጩኸት። አብነት የብረት በር የሚሠራው ሰይድ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ቆይ ቆይ! ይቺ የኔ መቁረጫ ናት! ወላሂ የኔ ናት! ድምፅዋን እኔ አጣታለሁ?"

"አዎ ጋሽ ሰይድ" አለች ልጅቱ መጫወቷን ሳታቆም። "ባለፈው ወር ደጅዎ ቆሜ የቀዳሁት ነው።"

"እኔ እኮ የመብራት ቆጣሪ የምታነቢ መስሎኝ ፈርቼሽ ነበር!"

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳያልቅ ግን ሙዚቃው ፈነዳ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የሠፈራችን ድምፅ ሁሉ፣ ሃምሳ ዓመት ሲረብሸኝ የኖረው መዶሻና መቁረጫ፣ ተሰልፎ፣ መስመር ይዞ መጣ! ከላዩ ቼሎው እንደ ትልቅ ሰው ያለቅሳል፣ ከሥሩ ብረቱ ይረግጣል። አግዳሚው ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። የክንዴ ፀጉር ቆመ። እግሬ መሬቱን ሲደልቅ ያየሁት አስካለ በክርኗ ስትጎሽመኝ ነው፤ ጎሽማኝ ስታበቃ የራሷም እግር እየደለቀ ነበር! እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ኖሮ፣ ያውም በእኔ ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ እኔ በብርድ ልብስ ጆሮዬን ስሸፍን መሰንበቴ ቆጨኝ።

ሙዚቃው አለቀ። አቶ ታደሰ ተነሡ። እማማ በላይነሽ ግን ቀደሟቸው።

"ስሙኝ" አሉ። "እኔ በዚህ ሠፈር ለስንቱ አልቅሻለሁ። የራሴን ልጅ የቀበርኩ ቀን ግን አፌ እንቢ አለኝ። ያን ቀን ሆዴ ውስጥ የነበረው ይሄ ነው፤ መዶሻውም ጭምር። ይቺን ልጅ የሚያስወጣት ሰው ካለ፣ ሲሞት በላይነሽ አልቅሺልኝ እንዳይል።"

አቶ ታደሰ ያኔ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አሰቡበት።

"ትቆይ" አሉ፣ ተመልሰው እየተቀመጡ።

እኔን ግን ከንብረት ያዥነቴ አነሡኝ። ግድ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ድረስ ሄድን፤ እኔ፣ አስካለ፣ እማማ በላይነሽ፣ ሰይድ ደግሞ የኢድ ልብሱን ለብሶ። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር በለበሰ ወጣት ተሞልቷል። እማማ በላይነሽ ዙሪያቸውን አይተው "ለነዚህ ሁሉ ለቅሶ ሳይደረስላቸው ቀርቷል ማለት ነው?" አሉኝ በሐዘን። ልጅቱ ስትጨርስ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ ሰይድም ለእርሱ የተጨበጨበ ይመስል ግራና ቀኝ እጅ ነሣ።

ሁለት ዓመት ያህል አብራን ቆየች። ከዚያ ሠፈሩ ፈረሰና እኛም ተበታተንን። ለእኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሰን። የእርሷን ስልክ ጽፌ በጥንቃቄ ያስቀመጥኩበት ደብተር እስካሁን በጥንቃቄ እንደተቀመጠ ነው፤ የት እንደሆነ ብቻ አላውቅም።

ወሬዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ራዲዮኑ መዶሻ ሲመታ ሰማሁና ቀና አልኩ። ሙዚቃው ሲቆም ጋዜጠኛው ምን እየሠራሽ ነው አላት። "ቤት እየፈለግሁ ነዋ" አለች እየሳቀች። "አዲስ ሙዚቃ ጀምሬ ነበር፤ ድምፅ የሚችል አከራይ ጠፋ።" ሾፌሩ ሌላ ጣቢያ ቀየረው።

"መልሰው!" ብዬ ጮህኩ። በታክሲ ውስጥ ጮኼ አላውቅም።

"አባባ፣ ይሄ ጩኸት ይመችዎታል እንዴ?"

"የቱ ጣቢያ ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ስነካካው ነው ያገኘሁት።"

ልጃችን ካገባች ወዲህ አንድ መኝታ ክፍል ባዶ ነው። ለአስካለ ነገሩን ሳወራት ተነሥታ ክፍሉን መጥረግ ጀመረች፤ እርሷን ለማውቃት ለእኔ ይህ እሺታ ነው። ለልጅቱ ግን በየት በኩል እንንገራት? ምናልባት ብትገኝ ብዬ ደረጃውን ወረድኩ። በሕንፃው መግቢያ ላይ "በሕንፃው ውስጥ ከፍተኛ ድምፅ ማሰማት በጥብቅ የተከለከለ ነው" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። በእጄ የጻፍኩት፣ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ አሳምኜ ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ። ግራና ቀኜን አየሁ፤ ደግሜ አየሁ። ቀደድኩት።

ማን እንደቀደደው የሚያጣራ ሰው ኮሚቴው በዚያው ምሽት መረጠ። በጠንቃቃነቴ እኔን መረጡኝ።