ጠማማ ያሳያል የተባለው መነጽሬ

ጥርሱን ያመመውን ሰው «እስቲ ጥርስህን ስጠኝና ልሞክረው» የሚለው የለም። አዲስ መነጽር ያደረገ ሰው ግን ወዲያው የሕዝብ ንብረት ይሆናል። አንዱ ከአፍንጫችሁ ላይ አንስቶ ራሱ ላይ ይሰካዋል፤ ሌላው ሁለት ጣቱን ቀስሮ «ይኼ ስንት ነው?» ይላችኋል። ስንት ሊሆን ነው እንግዲህ? ሁለት ነዋ! ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል፤ እኔ በመነጽሬ ሰበብ በአደባባይ ዋሾ የተባልኩ ሰው ነኝና።

ወሎ በተራበበትና መንግሥት «ማን ተራበ?» በሚልበት በዚያ ክፉ ዘመን መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። ሰሌዳው ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት ፊደል ጥላ እያበቀለ ቢያስቸግረኝ ደሴ ሄጄ ታየሁ። ሐኪሙ ለማስረዳት የማይሰለቸው ሰው ነበር። የዓይንህ ፊት እንደ ኳስ ክብ መሆን ሲገባው እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ ብርሃኑ አንድ ቦታ ስለማያርፍ አንዱ ነገር ሁለት ይሆንብሃል፤ አስቲግማቲዝም ይሉታል አለኝ። መነጽሩን አድርጌ ብነሳ ወለሉ ወደ ግራ ዘመመ፣ በሩም ተንጋደደ።

«ኧረ ዶክተር፣ ይኼ የሌላ ሰው ነው!»

«ያንተ ነው። አእምሮህ ጠማማውን ለምዶ ስለኖረ ቀጥ ያለውን ጠማማ ይልሃል። አታውልቀው፣ ቀስ በቀስ ትለምደዋለህ» አለኝ።

እስክለምደው ታዲያ የመካነ ሰላም መንገድ መሳቂያ አደረገኝ። የሌለ ጉድጓድ እዘላለሁ፣ ያለው ውስጥ እገባለሁ። ከወግዲ በኩል እየወደቁ እየተነሱ የሚመጡትን ሰዎች ግን አጥርቼ አየኋቸው። ከነሱ መካከል ጋሽ ይመር ነበሩ፤ ለትምህርት ቤታችን አጥር የባሕር ዛፍ እንጨት ያቀርቡልን የነበሩ ገበሬ። በሬያቸውን ሸጠው፣ ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ በልተው ጨርሰው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዘው የገበያው አጥር ሥር ተቀምጠዋል። «አብሽር መምህር፣ አላህ ያውቃል» አሉኝ፤ እኔን ሊያጽናኑ! የመንግሥት እህል ደግሞ እዚያው ከተማው መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። የሚከፈተው ከደሴ የሚመጡት ሹም «በእርግጥ ችግር አለ» ካሉ ብቻ ነው።

ሹሙ መጡ። ስብሰባ ተጠራ። እኔም ደረጃው ከፍ ያለ መስሎኝ እግሬን አየር ላይ ሰንዝሬ ተደናቀፍኩና በአራት እግሬ አዳራሽ ልገባ ምንም አልቀረኝ። ሁሉም አየ። ሹሙ «ችግር አለ ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ሰዉ መሬት መሬቱን አየ። ተነሳሁና ገበያው አጥር ሥር ሰው እያለቀ ነው አልኩ። የአገሩ ጉዳይ ሁሉ በእጃቸው የሚያልፈው ግራዝማች ፈገግ አሉ።

«ጌታዬ፣ መምህሩ ሰሞኑን መነጽር አድርገው ነገሩ ሁሉ ተጣሞ እየታያቸው ነው። ደረጃዋን እንኳ እንዴት እንደወጧት አይተዋል። ያሉት ጥቂት ለማኞች ናቸው።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ፤ ግራዝማችም አብረው ሳቁ። የጋሽ ይመር ልጆች እህል እኔ በመደናቀፌ ሊቀር ነው! ደሜ ፈላ። መነጽሬን አወለቅኩ።

«ደግ፣ ያለ መነጽር ልናገር። መነጽር ሳደርግ ወለሉ ይዘምብኛል እንጂ አንድ ሰው ያው አንድ ሰው ነው። ሳወልቀው ነው አንዱ ሁለት የሚሆንብኝ። ግራዝማች፣ አሁን እርስዎ ራስዎ ሁለት ነዎት። ርሃብተኛውን መነጽሬን አድርጌ ልቁጠርልዎ ወይስ አውልቄ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሹሙ ግራዝማቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ ገበያው ወጡ። መጋዘኑ በማግስቱ ተከፈተ። ለጋሽ ይመር ትልቋ ልጅ ደረሰላት፤ ለትንሿ አልደረሰላትም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ እህሉኮ እዚያው ነበር!

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ያው አዳራሽ፣ ያው ሰው፣ ግድግዳው ላይ ብቻ ሥዕሉ ተቀየረ። ግራዝማች ማዕረጋቸውን ጥለው ካኪ ለብሰዋል፤ ጓድ ሆነዋል። መድረክ ላይ ወጥተው እጃቸውን አወናጨፉ።

«የሰፊውን ሕዝብ ርሃብ ከማንም በፊት አይቼ ያጋለጥኩ እኔ ነኝ! ጓድ መምህር ምስክሬ ናቸው!»

ያኔ የሳቀው ሁሉ አጨበጨበ። ጋሽ ይመር ከበሩ አጠገብ ቆመዋል፤ እጃቸው አልተነሳም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው መቃወም ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ጭብጨባው ሲበርድ ፊት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሳሁ።

«እውነት ነው፣ እመሰክራለሁ» አልኩ። «ያን ቀን ሲስቁ አይቼዎታለሁ።»