ደግነቱ የተጋለጠበት እጩ

ሃያ ሁለት ዓመት የእድራችንን ድስትና ብርጭቆ ስይዝ አንዲት ማንኪያ ጠፍታብኝ አታውቅም። ለቅሶ ቤት ቀድሜ የምደርሰው እኔ፣ መጨረሻ የምወጣውም እኔ ነኝ። ታዲያ የእድሩን ዳኝነት እወዳደራለሁ ብዬ ብነሳ፣ ያ የቀበሌ ጸሐፊ የነበረው ሀብተየስ ከጉባኤው መሀል ብድግ ብሎ፣ «ፊደል የማትለይ ሴት እንዴት አድርጋ ነው ደንብ የምታስከብረው?» አይል መሰላችሁ! ሰዉም ሳቀ። ደንቡን አስነብቤ በቃሌ መያዜን የጠየቀኝ የለም። ሀብተየስ ራሱም እጩ ነው፤ ከእኔ ሌላ ተፎካካሪ የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምላሷ መርዝ ነው፣ ሰው አታከብርም፣ ጆሮዋ ደክሟል እያለ በየቤቱ ሲዞር ከረመ። ምርጫው ለእሁድ ተቆረጠ።

ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥን የአሜሪካ ሰዎች ለፕሬዚዳንትነት ሲፎካከሩ አሳዩ። አንዱ ሌላውን ሌባ ይለዋል፤ ያኛው ደግሞ ጅል ብሎ ይመልስለታል። አህያና ዝሆን የተሳለበት ባንዲራ የያዘ ስንትና ስንት ሺህ ሰው ቆሞ ያጨበጭባል። «ለካ ሀብተየስ እዚያም ዘመድ አለው!» አልኩና ተኛሁ። ሸለብ እንዳደረገኝ አሜሪካ ገባሁ።

መግባቴም እንደ ሰው አልነበረም። የኤምባሲ ሰዎች በረጅም ሰልፍ ቆመው፣ እያንዳንዳቸው ወረቀት ታቅፈው፣ ተራ በተራ ወደ እኔ ይመጣሉ።

«እማማ፣ አገራችን ይገቡልን ዘንድ ማመልከቻ አስገብተን ነበር» አለኝ የመጀመሪያው።

«ፎቶህ አልጠራም። ነገ ተመለስ!» አልኩት።

እንዴት ደስ እንደሚል! ሁለተኛው አለቀሰብኝና አንጀቴን በላው፤ ገባሁለት።

ነጭ ነው ሲሉት የምሰማው ቤተ መንግሥት የማድቤት ጣሪያ መስሎ ጠቁሯል። ደጁን የሚጠብቁት ፈረሶች ናቸው፤ ፖሊሶች ላይ ተቀምጠው ወዲያ ወዲህ ይጋልባሉ። መራጩ ሕዝብ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ተሰይሟል፤ እጩዎቹ ታች ጭቃ ውስጥ ቆመዋል። አንድ አህያና አንድ ዝሆን ወንበር ይዘው ያወያያሉ። አህያው መነጽር አድርጓል።

እጩዎቹ ሁለት ናቸው። ሚስተር ዊልበር የሚባለው ከሲታ መላጣ ነው፤ ሚስተር ሆራስ የሚባለው ደግሞ አንገት የሌለው ወፍራም። ዊልበር በአንድ እጁ የድስት ጥላሸት እየዛቀ የገዛ ፊቱን ይለቀልቃል፤ በሌላው እጁ ሳሙና ይዞ የሆራስን ፊት ያጥባል። ሆራስ እንዳይታጠብ ይሸሻል።

«ሕዝቤ ሆይ፣ ሌባው እኔ ነኝ!» ይላል ዊልበር። «ይሄ ሰው እንዳያታልላችሁ፤ በዕድሜው ሰርቆ አያውቅም!»

«ስሜን አታጥፋ! የሚስቴን ወንድም መሬት ቀምቻለሁ!»

«መልሰህለታል! ምስክር አለኝ!»

ሕዝቡ «ውይ!» ብሎ ፊቱን አዞረ።

«ይሄ ምን ጉድ ነው?» አልኩት አህያውን።

«እዚህ የሚመረጠው የከፋው ነው» አለኝ መነጽሩን እያስተካከለ። «ስለዚህ እያንዳንዱ የተፎካካሪውን ደግነት ፈልፍሎ ያወጣል።»

«ታዲያ የከፋው የሚመረጥ ከሆነ ከእኛው አገር ምኑ ነው የተገለበጠው?»

አህያው ጆሮውን ነቀነቀ።

ወዲያው ትልቅ መጋረጃ ተዘረጋና ፊልም መጣ። አንድ ጎርናና ድምፅ፣ በሚያስፈራ ሙዚቃ ታጅቦ፣ «ሚስተር ሆራስ በሰባት ዓመቱ ለጎረቤት አሮጊት ውሃ ቀድቷል። እንዲህ ያለ ሰው አገር ይምራ?» አለ። መድረኩ ላይ አንዲት ሴትዮ ራሷን ስታ ወደቀች።

ሆራስ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «ልጅነት ነው! ስለዚያ ነገር ይቅርታ ጠይቄያለሁ! ከዚያ ወዲህ ለማንም ጠብታ ውሃ ሰጥቼ አላውቅም!»

ዊልበርም ብዙ አልሳቀ። ሚስቱ ከሕዝቡ መሀል ብቅ አለችና፣ «እኔንም አድምጡኝ፤ ጠዋት ጠዋት ሻይ አፍልቶ አልጋዬ ድረስ ያመጣልኛል» ብላ አረፈች።

«አንቺ ሴት፣ ጉድ ሠራሽኝ!» ብሎ ጮኸ።

ትዕግሥቴ አለቀ። «እናንተ ወሽካቶች! ሰው ያለ ሥራው ተሞገሰ ቢባል ይገባኛል፤ ደግ ሠርቶ የሚያፍር ዛሬ አየሁ። አንተ ወፍራሙ፣ ተነስ ከጭቃው! አንተም ሳሙናውን አታባክን!» አልኳቸው።

 ዝሆኑ ኩምቢውን ወደ እኔ ዘረጋ።

«አንቺ ማነሽ?»

«አልጣሽ ይርዳው።»

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

ጭብጨባው ቀለጠ።

«ሰው ታከብሪያለሽ?»

«ሰው ከሆነ።»

«ጆሮሽስ ይሰማል?»

«የፈለግሁትን።»

«ይቺ ናት! ይቺን ስጡን!» እያሉ ተሸክመው ጭቃው መሀል አቆሙኝ። ሀብተየስ በየቤቱ የዘራብኝ ሐሜት ሁሉ እዚያ ማዕረግ ሆነልኝ። አልዋሽም፣ ወንበሩን ክፉኛ ተመኘሁት። ያንን የጠቆረ ቤት ከየትኛው ግድግዳ ጀምሬ ኖራ እንደማስቀባው ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ።

ይሄኔ ሀብተየስ አንድ ፋይል በብብቱ ሸጉጦ ከሰዉ መሀል ብቅ አለ። አሜሪካም አልተወኝ!

«አትመኑዋት!» አለ። «ባለቤቴ ታማ አልጋ ላይ ስትውል ሦስት ወር ያጠበቻት ይቺ ናት። የወለደቻቸው ልጆች ሲጸየፉ እሷ አልተጸየፈችም። ስታርፍም ዓይኗን የከደነችላት እሷ ናት። ቀብሬ ስመለስ ቤቴን ጠርጋ፣ እሳት አንድዳ ጠበቀችኝ። ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ወጣች!»

«ኧረ በሕግ!» አለ አንዱ ከመድረኩ።

«እውነት ነው?» አለኝ ዝሆኑ።

ውሸት ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ሕዝቡ ዓይን ዓይኔን ያያል። ውሸት ነው ብል ወንበሩ የእኔ ነው። ግን እውነት ነው። ሚስቱ ካረፈች ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እግዜር ይስጥልኝ ያላለኝ ሰው፣ እኔን ለመጣል ብሎ አንዱንም ሳይረሳ ዘረዘረው። 

«ቀጥል እስቲ» አልኩት።

ሕዝቡ «ወይኔ! አመነች!» ብሎ ተንጫጫ፣ ዊልበር ሳሙናውን ይዞ ወደ ፊቴ መጣ፣ አህያው ቀና ብሎ አናፋ። ማናፋቱ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ጥሩምባ ሆነና ባነንኩ።

ነግቷል። ጥሩምባው ግን አላቆመም። የሚነፋው እኔው ደጅ ላይ ነው። ጥጋቡ ነው፤ ሰው ሲሞት በየደጁ እየነፋ መርዶ የሚናገረው የእድራችን ጥሩምባ ነፊ።

«እድርተኞች ስሙ!» ይላል። «እትዬ አልጣሽ ይርዳው ሌሊቱን አርፈዋል! ቀብር በዘጠኝ ሰዓት! ምርጫው እንደተባለው በሦስት ሰዓት፤ አቶ ሀብተየስ ብቻቸውን ይቀርባሉ!»

ነጠላዬን ጣል አድርጌ በሩን በረገድኩት። ጥጋቡ ሲያየኝ ጥሩምባው ከእጁ ወደቀ።

«በስመ አብ!»

«ማነው የገደለኝ?»

«እኔ… አቶ ሀብተየስ ናቸው የላኩኝ፤ አርፋለችና ሳይረፍድ ንፋ ብለው።»

«እና ሬሳ ሳታይ፣ ከቤቴ ለቅሶ ሳትሰማ?»

«ኧረ እትዬ፣ እሳቸው እኮ የተማሩ ሰው ናቸው!»

«ስንት ደጅ ደረስክ?»

«ከታች ሰፈር ጀምሬ እዚህ ድረስ አዳረስኩት። ሰዉ ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ነው።»

ጥሩምባውን ከመሬት አነሳሁ፣ በነጠላዬ ጫፍ አፉን ጠርጌ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«እንግዲያው ስማኝ ጥጋቡ። አሁኑኑ ተመለስ። ከመጀመሪያው ደጅ ጀምረህ፣ አንድም ሳትዘል፣ ለሞቴ በነፋህበት ትንፋሽ ንፋ። አልጣሽ አልሞተችም በል። በሦስት ሰዓት ልትመረጥ ትመጣለች በል። ሀብተየስ ደጅ ስትደርስ ደግሞ ወጥቶ እስኪያይህ ድረስ ንፋ።»