የ«ቀሪ ፈትል» አሻሻይ ኮሚቴ

አንድ ሥራ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ዕቅድና ያለ ማህተም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሊወደድ ይችላል ብሎ ማን ያምናል? ጉለሌ ውስጥ ግን ይህ አሳፋሪ ነገር በጠራራ ፀሐይ ሲፈጸም ኖሯል። የደሳለች የመጀመሪያ አልበም «ቀሪ ፈትል» በ1992 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ሲወደው ቆይቷል። ሽሮ ሜዳ ነጠላ የሚያጥፉ ሴቶች ያንጎራጉሩታል፤ ልጃቸውን የሚያስተኙ አባቶች ያንጎራጉሩታል፤ አልበሙ ሲወጣ ያልተወለዱ ጎረምሶች እንኳ ፍቅር ሲይዛቸው ከየት እንደሚያመጡት ሳይታወቅ እሱኑ ያንጎራጉራሉ። ይህን ሁሉ መወደድ ሥርዓት የሚያስይዝ አንድም የሚመለከተው አካል አልተገኘም ነበር።

በመጨረሻ፣ ምስጋና ይግባቸውና፣ አቶ ሐብታሙ ተገኙ።

አቶ ሐብታሙ ስሙን መጥራት በማያስፈልገን አንድ መሥሪያ ቤት የባህል ሀብት ልማት ቡድን መሪ ናቸው። ትልቅነታቸውን ለመረዳት ስብሰባ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ሌላው ሰው በሁለት ቃል የሚጨርሰውን ነገር እርሳቸው በአርባ ደቂቃ እንኳን አይጨርሱትም። የኃላፊው ወንበር ከጥቅምት ጀምሮ ባዶ ነው። ወንበሩ እንደሚገባቸው አቶ ሐብታሙ ያውቃሉ፤ ገና ያላወቀው የበላይ አካል ብቻ ነው። ስለዚህ በስድስት ወሩ ሪፖርት ላይ «የላቀ ክንውን» ከሚለው ሣጥን ውስጥ የሚገባ አንድ ነገር በብርቱ ይፈልጉ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት መኪናቸው ጎሚስታ ቤት ስለቀረች ከሽሮ ሜዳ በሚኒባስ ተሳፈሩ። ሾፌሩ «ቀሪ ፈትል»ን ከፍቶ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ፣ አራተኛው ሳይጀምር፣ አንድ የወንድ ድምፅ ከሩቅ «ደስዬ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ» ይላል። ይህን ጊዜ ተሳፋሪው በሙሉ በአንድ አፍ «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ!» አለ፤ ረዳቱም የሚኒባሱን በር ድርግም አድርጎ ዘጋው።

አቶ ሐብታሙ ደነገጡ።

«ይኼ ነገር በማን ነው የሚመራው?» ሲሉ ረዳቱን ጠየቁ።

«የቱ ነገር?»

«ይኼ... ሰው ሁሉ አንድ ላይ የሚለው።»

«ማንም አይመራውም፣ ፋዘር። ብርድ ሲገባ በር ይዘጋል፣ በቃ።»

እንዲህ ያለ ሕዝባዊ እንቅስቃሴ ያለ መሪ መቅረቱ አቶ ሐብታሙን እንቅልፍ ነሳቸው። በማግሥቱ «የ‹ቀሪ ፈትል› አልበም ዘላቂ ተወዳጅነት አረጋጋጭ፣ አሻሻይና አስቀጣይ ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው እርሳቸው፣ አባሉ ከንብረት ክፍል ለሊሳ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ደግሞ ሙሉ የምትባል ጸሐፊ ሆኑ። እሷም በስብሰባ የተባለውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ የምትጽፍ ሴት ናት። በመሥሪያ ቤቱ ከዚህ የከፋ ጠባይ ያለው ሰው የለም።

የኮሚቴው የመጀመሪያ ተግባር አልበሙ ለምን እንደሚወደድ ማጥናት ነበር። ለጥናቱም ሽሮ ሜዳ ውስጥ ጋቢ የሚሸጡት ሸፊ ተመረጡ፤ ሱቃቸው ለመንገድ ቅርብ ስለሆነ ነው።

«በእርስዎ እይታ» ሲሉ አነበቡላቸው አቶ ሐብታሙ፣ «የአልበሙ ዘላቂ ተወዳጅነት ምክንያት፣ ሀ፣ ጠንካራ አደረጃጀት፤ ለ፣ ቅንጅታዊ አሠራር፤ ሐ፣ የአመራር ቁርጠኝነት፤ የትኛው ነው?»

ሸፊ ትንሽ አሰቡ። «የሽመናው ድምፅ አለበት» አሉ። «ሱቅ ውስጥ ስከፍተው ያሠራኋቸው ሸማኔዎች ሁሉ፣ የሞቱትም ጭምር፣ አጠገቤ የተቀመጡ ይመስለኛል። ደግሞ ልጅቷ አትዋሽም። ሲከፋት ከፋኝ ነው የምትለው፤ አታስጌጠውም።»

«እሱ ምርጫው ውስጥ የለም።»

«እንግዲያውስ ሐ ይበሉት።»

በዚህ መሠረት አልበሙ የተወደደው በአመራር ቁርጠኝነት መሆኑ በጥናት ተረጋገጠ።

ቀጥሎ ዋናውን ካሴት ማግኘት ነበር። ደሳለች ቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ትኖራለች። ጥጥ ፈትላ ታድራለች። እሑድ እሑድ በአጥቢያዋ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ኋላ ቆማ ትዘምራለች። ሁለተኛ አልበም አላወጣችም። የመጀመሪያው የተቀዳው እዚያው ቤቷ ውስጥ፣ በተዋሰችው ጊታርና በተዋሰችው ቴፕ ነው። ከጨንቻ የመጣው ባሏ ዓለሜ ለሰው ሠርግ የሚደርስ ጋቢ ይዞ ስለነበር ሽመናውን ላቁምልሽ አላላትም፤ እሷም አቁምልኝ አላለችውም። መወርወሪያው አልፎ ማጉ ሲመታ በሚሰማው ዷ፣ ዷ ላይ ዘፈነች። ሌላ ከበሮ አልነበራትም። ዓለሜ ከሞተ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

«ወስዳችሁ ምን ልታደርጉት ነው?» አለች ካሴቱን በሁለት እጇ እንደያዘች።

«እናከብረዋለን፣ ወይዘሮ ደሳለች። ከዚያም እናሻሽለዋለን።»

«ምን ሆነና?»

«እ... ማለቴ፣ ደረጃውን ከፍ እናደርገዋለን።»

ደሳለች ካሴቱን አገላብጣ አየችው። «አቶ ሐብታሙ፣ ዘፈኑስ በየሰዉ ስልክ አለ። የዚህኛው መጨረሻ ላይ ግን ቴፑን መዝጋት ረስተን አራት ደቂቃ ያህል ዓለሜ ያወራል። የጋቢውን ጥለት አበላሽቶ በራሱ ሲስቅ። ሌላ የትም የለም። የሞተበት ቀን ሲደርስ አንዴ እከፍተዋለሁ። ስልክ ላይ አስገልብጪው ይሉኛል፤ የሰው እጅ ገብቶ እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ ተውኩት።»

«አሁን እኮ የሚገባው መሥሪያ ቤት እጅ ነው። ምን ያስፈራዎታል?»

«እሱ ነዋ የሚያስፈራኝ።»

አቶ ሐብታሙ በትዕግሥት ፈገግ ብለው፣ ካሴቱ ሲመለስ ያልተነካና ያልጎደለ እንደሚሆን የሚገልጽ ቅጽ በሦስት ኮፒ ፈረሙላት። ደሳለች የእሷን ኮፒ አጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው።

ኮሚቴው አልበሙን ለማዳመጥ ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ማዳመጥ አስፈላጊነት ሲወያይ ሰዓቱ አለቀ። በሦስተኛው አዳመጠ።

«ከጀርባ የሚንኳኳው ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ሽመና ነው» አለች ሙሉ።

«የጥራት ጉድለት ነው፤ ያዢው። በሩን ዝጊው የሚለው ሰውዬስ?»

«ባሏ ነው።»

«በድምፃዊነት ተመዝግቧል?»

«ኧረ እሱ ሸማኔ ነው።»

«እንግዲያው የማይመለከተው ሰው ድምፅ ነው። ይወጣል።»

ለሊሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሕዝቡ ግን እሱን እኮ ነው የሚወደው።»

«ሕዝቡ ሃያ ስድስት ዓመት የታገሠው አማራጭ ስላልቀረበለት ነው» አሉ አቶ ሐብታሙ። ቀጥለውም ወደፊት በየትምህርት ቤቱ ሊጠና የሚገባውን ትርጓሜ በቃለ ጉባኤ አስያዙ፦ «ጩኸት ማለት ሕዝቡ ሊሰማው ያልመጣው ማንኛውም ድምፅ ነው፤ በተገኘበት ይወገዳል።» ሙሉ ጻፈችው። ሦስቱም ፈረሙ፤ ማህተም አረፈበት።

በሁለተኛው ውሳኔ፣ ሁለት ዓይነት ቅጂ መኖሩ ሕዝቡን ስለሚያደናግር፣ ማሻሻያው እንዳለቀ ዋናው ካሴት እንዲወገድ ተባለ።

ሙሉ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ለሴትየዋ የፈረምንላትስ?»

«የፈረምነው ሲመለስ ያልተነካ ይሆናል ብለን ነው። ካልተመለሰ ምኑን ነካነው?»

ይህንንም ጻፈችው።

ሥራው ስቱዲዮ ላለው ለኦልያድ ተሰጠ። ኦልያድ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሃያ ዓመት የሰው ድምፅ ሲያጸዳ የኖረ፣ ራሱ ግን እምብዛም ድምፅ የማያሰማ ሰው ነው።

«አቶ ሐብታሙ፣ ሽመናውን ካወጣሁት ዘፈኑ መቆሚያ ያጣል» አለ።

«የጩኸት ትርጓሜ ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ ደርሶሃል?»

«ደርሶኛል።»

«እሱን ተከተል። ከአንተ የሚጠበቀው እሱ ብቻ ነው።»

«እሺ፣ እሱን እከተላለሁ።»

ኦልያድ ሽመናውን አወጣ፤ ሰውየውንም አወጣ፤ በታዘዘው መሠረት የማሽን ከበሮና ጥሩምባ አስገባ። ዋናውን ካሴት ለማስወገድ ግን የሦስቱም አባላት ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ለሊሳ በዚያው ሰሞን «ፈጣን አገልግሎት አሰጣጥ» የተባለ ሥልጠና ለመውሰድ አዳማ ሄዶ፣ ሥልጠናው ሁለት ጊዜ ተራዘመበት። ቅጹ ጠረጴዛ ላይ፣ ካሴቱ ኦልያድ መሳቢያ ውስጥ ቆዩ።

ደሳለች አራት ጊዜ ወደ መሥሪያ ቤቱ መጥታ ኮሪደር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች።

«ተበላሽቶም ከሆነ ንገሩኝ» አለች በአራተኛው።

«በሂደት ላይ ነው» አሉ አቶ ሐብታሙ።

በዚያ ሳምንት ዓለሜ የሞተበት ቀን ደርሶ አለፈ። ደሳለች ያን ቀን ከቤቷ አልወጣችም። የባሏ ሳቅ እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ስትሞክር ቆይታ፣ አልመጣ ሲላት አለቀሰች። ይህ በሪፖርቱ አልተካተተም።

የተሻሻለው አልበም በሚመረቅበት በዓል ቀን አዳራሹ ጢም አለ። አቶ ሐብታሙ ኪነ ጥበብን ከዘልማዳዊ ተወዳጅነት ወደ ተቋማዊ ተወዳጅነት ስለማሸጋገር ሃምሳ ደቂቃ ተናገሩ። ከዚያ የተሻሻለው «ቀሪ ፈትል» ተከፈተ። ከበሮው ደለቀ፣ ጥሩምባው ጮኸ፤ የደሳለች ድምፅ በመሀል መንገድ ጠፍቶበት እንደቆመ ሰው ሆነ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። በሁለተኛው ዘፈን ላይ ሸፊ በመዳፋቸው የፊታቸውን ወንበር ዷ፣ ዷ ማድረግ ጀመሩ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ተከተለች። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ወንበር እየመታ ሽመናውን ወደ ቦታው መለሰው። ከበሮው ተሸንፎ የት እንደገባ አልታወቀም። ሦስተኛው ዘፈን አለቀ፤ የዓለሜ ድምፅ የነበረበት ቦታ ባዶውን መጣ። አራት መቶ ሰው በአንድ አፍ «ደስዬ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ!» አለ። ጥበቃው ሮጦ የአዳራሹን በር ዘጋ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበረችው ደሳለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አቶ ሐብታሙ ተከትሎ የመጣው ጭብጨባ ለእርሳቸው መሆኑን ተረድተው ተነሡና እጅ ነሱ።

«የበዓሉን ቪዲዮ የበላይ አካል ስለሚያየው አጽዳልኝ» አሉት በኋላ ኦልያድን። «ጩኸት በዝቶበታል። ትርጓሜው አለህ አይደል?»

«አለኝ፣ አቶ ሐብታሙ።»

ከበላይ አካል አንድ እንግዳ በመጡበት ጠዋት ኮሚቴው ቪዲዮውን ለማየት ተሰበሰበ። ለሊሳ አሁንም አዳማ ነበር። ኦልያድ ፍላሹን ሰክቶ ከፈተው። አቶ ሐብታሙ መድረኩ ላይ ታዩ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ይወራጫል፤ ድምፅ የለም።

«ድምፁ የት ሄደ?» አሉ አቶ ሐብታሙ።

«በትርጓሜው መሠረት ነው» አለ ኦልያድ። «ሕዝቡ ሊሰማው ያልመጣውን አወጣሁት። ይኸው፣ ማህተም አለው።»

እንግዳው ማህተሙን አዩና «አሠራሩን የጠበቀ ነው፤ ይቀጥል» አሉ። ንግግሩን ያለ ድምፅ ተመለከቱት። እንዲያውም ወንበራቸውን አመቻችተው ተቀመጡ።

ዘፈኑ ሲጀምር በሩ ተከፍቶ ደሳለች ገባች። በአንድ እጇ ካሴቱን፣ በሌላው የታጠፈውን ቅጽ ይዛለች። ኦልያድ ሲገባ ኮሪደር ላይ ሰጥቷት ነበር፤ ሦስተኛው ፊርማ ስላልተገኘ ካሴቱ በደንቡ ገና አልተወገደም።

«ካሴቴን አገኘሁ» አለች። «ወረቀታችሁን ልመልስ ነው።»

በቪዲዮው ውስጥ ወንበሮቹ ዷ፣ ዷ ይላሉ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ ከዚያ አራት መቶው ሰው «ደስዬ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ!» አለ።

እሷ በከፈተችው በር የእንጦጦ ብርድ ይገባ ነበር። አቶ ሐብታሙ ብድግ አሉ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ለራሳቸው ሳይታወቃቸው፣ በእንግዳው ፊት አልፈው፣ ሄደው በሩን ዘጉት። እጃቸውን እጀታው ላይ እንዳደረጉ ደርቀው ቀሩ።

«ያን ቀን እኔ አልዘጋሁለትም» አለች ደሳለች ቀስ ብላ። «እጄ ጊታሩ ላይ ነበር።»

ሙሉ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ እንደ ልማዷም ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፈች። በኋላ እንግዳው የላቀ ክንውን የሚለው ሣጥን ባዶ መሆኑን አይተው፣ ሌላ ነገር ስላልተገኘ፣ ይኸው ጽሑፍ እንዳለ እንዲገባ አዘዙ፦

«ሟች አቶ ዓለሜ በሩ እንዲዘጋላቸው በ1992 ዓ.ም. ያቀረቡት ጥያቄ በዛሬው ዕለት በሰብሳቢው አማካይነት ምላሽ አግኝቷል። የወሰደው ጊዜ፣ ሃያ ስድስት ዓመት። በመሥሪያ ቤታችን ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ነው።»