የኒምር ጭራ ምን ይላል?

አማርኛችን አፍ ሳይከፈትም የሚነገር ቋንቋ ነው። ፊት ይጠቁራል፣ ዓይን ይቀላል፣ አንገት ይደፋል፤ የጠላነውን ፊት እንነሳለን፣ ለወደድነው ጆሮ እንሰጣለን። እንዲህ ሰውነቱን ሁሉ አንደበት ያደረገ ሕዝብ እርስ በርሱ ለመግባባት ብዙ ማውራት አያስፈልገውም ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲያ እል ነበር። የምናወራው ግን ብዙ ነው። የምንግባባው ትንሽ።

እኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ መካነ ሰላም መናኸሪያ ተራ አስከባሪ የሆንኩ ሰው ነኝ። ደብተሩን ትቼ ሰው ማንበብ ጀመርኩ ማለት ነው። ወደ ደሴ ከሚሳፈረው ሰው የትኛው መንገድ ላይ እንደሚያስመልሰው፣ የትኛው ከሚስቱ ተጣልቶ እንደወጣ፣ ገና ከበሩ ሲገባ ከአረማመዱ አውቃለሁ ብዬ እፎክር ነበር። ጓደኞቼም ያምኑኛል። ማመን ምን ይከብዳል፣ ተሳፋሪው እንደሆነ ሄዷል፤ ማን ያጣራል?

ታላቅ እህቴ ጦይባ ከዓረብ አገር የተመለሰችው የቀበሌ ሰዎች ልማት ልማት በሚሉበት፣ ሞባይልም ከተማችን ገና በገባበት ጊዜ ነው። ከዓረብ አገር የሚመለስ ሰው ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል። ጦይባ ግን ከእጅ ቦርሳዋ በሻሽ የተጠቀለለ የምግብ መያዣ ፕላስቲክ አወጣች፤ ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ። ስትከፍተው ቢጫ መልክ ያለው፣ ጥቁር ነጠብጣብ የጣለበት፣ ጭራው እንደ ካሮት የወፈረ እንሽላሊት ቀና ብሎ አየን። እናታችን ቢስሚላህ ብላ አልጋው ላይ ወጣች።

ስሙ ኒምር ነው፤ በዓረብኛ ነብር ማለት። የአሠሪዎቿ ልጅ ሲሰለቸው ለእሷ ጣለላት። ሦስት ዓመት ስናገር የሰማኝ እሱ ብቻ ነው ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

እናታችን ሳምንት ሳይሞላ ከአልጋው ወርዳ ለመደችው። አንድ ቀን ኒምር ጭራውን ከፍ አድርጎ ቀስ እያለ ወዲህና ወዲያ ሲያወዛውዝላት ደስ ብሏት ጣቷን ሰደደችለት። ነከሳት። ደም እንኳ አልወጣም፤ ቅሬታዋ ግን ከባድ ነበር።

"ጭራውን እየቆላልኝ?" አለች፣ ወዳጅ እንደከዳው ሰው።

"እማ፣ ውሻ አይደለም እኮ" አለች ጦይባ። "ተዉኝ ማለቱ ነው።"

እንግዲህ እኛ የምናውቀው ጭራ የውሻ ጭራ ነው። የቆላ ሁሉ የወደደን ይመስለናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ የኒምር ተማሪ ሆንኩ። ጦይባ ፀሐይ ባሞቀው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጠውና ታሳየኛለች። ዓይኑን ግማሽ ጨፍኖ ከተዘረጋ ተመችቶታል። የጭራው ጫፍ ብቻ ከተርገበገበ ፌንጣ አይቷል፣ ሊዘልበት ነው። ጭራው በሙሉ በቀስታ ከተወዛወዘ ጨንቆታል። ከሁሉ የሚያታልለው ግን ሆዱን ለጥፎ ድርቅ ሲል ነው አለችኝ። ሰው ገራም ሆነ፣ ለመደኝ ይላል፤ እሱ ግን እንዲያ የሚሆነው መሸሻ ሲያጣ ነው።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው አልኳት። ዓረብኛ ሳትችል የሄደች ሰው ናት፤ የእመቤቲቱን ቁጣ ከኮቴዋ፣ ከትከሻዋ፣ በር ከምትዘጋበት አኳኋን ማንበብ ነበረባት፤ ከዚያ በኋላ የኒምር ቀለለኝ አለች። ሌላ አልጨመረችም። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም፤ ፌንጣ ፍለጋ ወጣሁ።

በግንቦት አጎታችን እንድሪስ ከከላላ በበቅሎ መጡ። አባታችን ከሞተ ወዲህ በቤታችን ነገር ሁሉ ቃል ያላቸው እሳቸው ናቸው። ለጦይባ ሌላ ቪዛ ተገኝቷል። እሷ በላከችው ገንዘብ ያስጀመርነው ቤት ደግሞ ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮ አልለበሰም፤ ክረምቱ እየመጣ ነው። ጎረቤት ተሰበሰበ። አጎቴ ሁሉን ዘርዝረው ሲያበቁ፣ እህ ልጄ፣ ምን ትያለሽ አሏት።

በእኛ አገር ልጃገረድ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የምትመልሰው በአንገቷ ነው። እምቢ ያለች ቀና ብላ ትናገር ይባላል፤ ቀና ብላ የተናገረች ግን እኔ አላየሁም። ጦይባ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች።

"አንገቷን ደፋች፤ እሺ ብላለች" አሉ አጎቴ። "የተባረከች። በሉ ዱዓ እናድርግ።"

ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። በዱዓው መካከል ታዲያ ዓይኔ ኒምር ላይ አረፈ። የጦይባ እጅጌ ላይ ነበር፤ ሆዱን ለጥፎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ድርቅ ብሎ። ዱዓው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቅኩም። ፈርቷል፣ ሰው በዝቶበት ነው ብዬ ተነሳሁና በቀስታ ከክንዷ ላይ አንስቼ ወደ ድንጋዩ ወሰድኩት። ሰው ሳቀ። አጎቴም ምሁር ሆንክ አሉኝ። ኮራሁ። ሳነሳው ክንዷ ከእንሽላሊቱ ብሶ ደርቆ እንደነበር ጣቶቼ ያውቃሉ። ያን ቀን አላነበብኩትም። ወይም አንብቤው ቆርቆሮው ታየኝ። ይህን ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የሄደች ቀን በተራ አስከባሪነቴ የመስኮት ወንበር አስያዝኳት። ኒምርን ጥላልኝ ነው የምትሄደው። ሙቅ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከአጠገቡ እንዳይጠፋ፣ ፌንጣውም ከጭንቅላቱ እንዳይበልጥ በመስኮቱ በኩል አደራ አለችኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"እሱን ለማወቅ ሁለት ሳምንት በቃህ አይደል?" አለች።

"አንድም ይበቃኝ ነበር" አልኳት።

ፈገግ አለች። ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። በሩን ዘግቼ ጎኑን በመዳፌ ሁለቴ መታሁት፤ ሂድ ማለት ነው።

የመካነ ሰላም ሐምሌ ለበረሃ ፍጥረት አይሆንም። ጠርሙሱን ጠዋትና ማታ ባሞቅም የኒምር ጭራ እየቀጠነ ሄደ፤ አንድ ጠዋት ዓይኑን ሙሉ በሙሉ ጨፍኖ አገኘሁት። ጓሮ ቀበርኩት። እናታችን ከአጠገቤ ቆማ አለቀሰች፤ ልቅሶዋ ግን ለአንድ እንሽላሊት በዛ። ከፊታችን በጦይባ የመጀመሪያ ደመወዝ የለበሰው አዲሱ ቆርቆሮ ዝናብ ይቀበላል።

ጦይባ በወር አንዴ ትደውላለች። ኔትወርክ የሚያዘው ከመናኸሪያው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነውና እዚያ ወጥቼ እጠብቃታለሁ። እንዴት ነሽ ስላት አልሐምዱሊላህ ትላለች። ይህች ቃል እኛ አገር በእስላሙም በክርስቲያኑም አፍ ላይ ናት፤ የጠገበውም ይላታል፣ የታመመውም ይላታል። ሰውዬው ፊት ለፊት ከሆነ የትኛውን እንዳለ ከትከሻው ይታወቃል። በስልክ ግን ትከሻ አይታይም። እኔም ለራሴ የሚመቸኝን መርጬ እሰማለሁ።

በነሐሴ ስትደውል መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ኒምር ነው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው" አልኳት።

"ይበላል?"

"ኧረ ወላሂ፣ ፌንጣ ማድረስ አቅቶኛል።"

 ዝናቡ ጃንጥላዬ ላይ ሲወርድ እዚያ ድረስ ሳይሰማት አይቀርም።

"በዚህ ብርድ እኮ አይበላም" አለች፣ ቀስ ብላ።

 ፊቴን አላየች፣ እጄን አላየች፤ ባሕር ማዶ ሆና አወቀችብኝ። አልተቆጣችም፣ ለምን ዋሸኸኝ አላለችም። እኔን አንብባ ጨርሳ ጠበቀችኝ፤ ተራው የእኔ ነበር።

"አንቺስ?" አልኳት በመጨረሻ። "ትበያለሽ?"

"አልሐምዱሊላህ" አለች።

ካርዷ እስኪያልቅ ማናችንም ስልኩን አልዘጋነውም። አላወራንምም።