የጌታሁን ጌሾ

ሳይተክሉት የበቀለ ነገር ደስ አይላችሁም? እኔን ደስ ይለኛል። ውሃ አላጠጣችሁት፣ ማዳበሪያ አልገዛችሁለት፣ አንድ ቀን ጠዋት መጋረጃ ስትገልጡ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሁሉ በረከት ይለዋል እንጂ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

እዚህ አሜሪካ፣ ኩን ራፒድስ የሚባል ከተማ የሚኖረው ወዳጄ ጌታሁንም አልጠየቀም። ከቤቱ ጀርባ አጥሩን ተደግፎ የበቀለውን ቁጥቋጦ ቅጠሉን ዳሰሰ፣ ግንዱን ፋቀና «ጌሾ ነው!» ብሎ አወጀ። እውነቱን ለመናገር ያየነው ሁሉ ጌሾ ነው ብለናል። ጌሾን እኛ ካላወቅነው ማን ሊያውቀው ነው? ሰውየው ቀጥፎ፣ አድርቆ፣ ጋራዡ ውስጥ ጠጅ ጣለበት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ ጠፋው።

አንድ ልጁ ሄርሜላ ደግሞ፣ እንጀራዋ ቁጥቋጦ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? በየበጋው አላስካ ትሄዳለች፤ ዛፍ «ከዚህ በላይስ አልችልም» ብሎ እስከሚቆምበት ድረስ። እዚያ ቁጥቋጦው ወደ ሰሜን እየገፋ ሲሄድ አፈሩን እንዴት እንደሚለውጠው ታጠናለች። ሊያገባት የሚፈልገው ናሆምም የሥራ ባልደረባዋ ነው። የጌታሁን ሰቀቀን ይኸው ነበር፤ ሁለቱ ተጋብተው እዚያው በረዶ ላይ ጎጆ ከቀለሱ ልጁን በስልክ ብቻ ሊያያት ነው።

ናሆም ጋሽ ሰይድንና እኔን ሽማግሌ አድርጎ ላከን። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ስንት ባልና ሚስት አስታርቀዋል። መስከረም ላይ፣ እሑድ ከሰዓት፣ መኪናችንን ፓርክ አድርገን ገባን። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል ውሃ አይቀምስም፤ አባትም ወጉ ነውና «ላስብበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይላል። ጌታሁን ግን ጠጁን በብርሌ ሞልቶ ፊታችን ደርድሮታል። እኛን አየ፣ ብርሌውን አየ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ትንሽ ታገለ።

«በቃ፣ እሺ ብያለሁ! ቅመሱልኝ!»

አይ ሰው! ልጁን በጠጅ ጉጉት ዳረ። ብርሌውን ከንፈሬ ላይ ሳደርስ ሄርሜላ ከጓዳ ተወርውራ ወጣች። በሽምግልና ቀን ልጅት ብቅ አትልም፤ እሷ ግን ጭራሽ ብርሌውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ዳድ፣ ኖ! ይሄ ጌሾ አይደለም፣ ባክቶርን ነው! የጌሾ ዘመድ ነው፣ ግን ሆድ ያጥባል። ፍሬውንም ጨምረህበታል?»

«ትንሽ... ለቀለሙ» አለ ጌታሁን።

አንዴ ከጀመረች ማን ያቁማት? «ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብስና አፈሩን ለራሱ እንዲመች አድርጎ ይለውጠዋል፤ ከሥሩ ሌላ ነገር እንደ ልቡ አይበቅልም። ሰሜን የማጠናው ቁጥቋጦም መንገዱን ራሱ ያመቻቻል፤ በረዶውን በቅርንጫፉ ያጠራቅማል፣ በረዶው አፈሩን እንደ ብርድ ልብስ ያሞቀዋል፣ የሞቀው አፈር ደግሞ ሌላ ቁጥቋጦ ያበቅላል።»

ጌታሁን ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያው ጠጄ ካልተጠጣ ቃሌም አልጸናም። ሌላ ቀን ተመለሱ።»

ሄርሜላ ክው አለች። ልታድነን ብላ ትዳሯን ልታጣ! አንጀቴን በላችው። «ልጨልጠውና ቃሉ ይጽና ይሆን?» ብዬም አሰብኩ፤ ሆዴ ግን አደራህን አለኝ።

የደረሱልን ድሮም ጠጅ የማይቀምሱት ጋሽ ሰይድ ናቸው። «ጌታሁን፣ ቃልህን እኔ ያለ ጠጅ ነው የሰማሁት። ይልቅ ሙሽራው ይምጣና ያንን ቁጥቋጦ ከነሥሩ ይንቀልልህ። ጉልበቱንም ትሕትናውንም በዚያ እየው።» ጌታሁን አጉረመረመ፣ አጉረመረመና ተስማማ። በለስላሳ መጠጥ መረቅን።

ናሆም በሳምንቱ መጥቶ ሲነቅል ዋለ። ወገቡን ይዞ ቀና ሲል ሄርሜላ «ገና ነው» አለችው። «ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ወፍም ያመጣዋል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ሌላው ቅጠሉን ሲያራግፍ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚጋለጥ፣ እየመጣን መንቀል አለብን።»

«በየዓመቱ?» አለ ጌታሁን። «ሁለታችሁም?»

«ቦዝ ኦፍ አስ፣ ዳድ።»

ፊቱ በራ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼኔ ነው። ልጆቹ ተጋብተው አላስካ ገቡ፤ ጥቅምት በመጣ ቁጥርም አካፋቸውን ይዘው ከች ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ጌታሁንን ልጠይቅ ሄጄ ጓሮ አገኘሁት። ከዕቃ ማስቀመጫው ጀርባ፣ ማንም በማያየው ጥግ፣ ጥቁር ፍሬዋ የተንዠረገገ አንዲት ቁጥቋጦ አጠገብ ቆሟል። ወፎቹ ይለቅማሉ፤ እሱ ፈገግ ብሎ ያያቸዋል። ዞር ሲል አየኝና ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።

እኔ ምን ቸገረኝ? አረም ማጋለጥ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሽማግሌ የሚላከው ቤተሰብ ሊያገናኝ ነው።